የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ውፍረቱ ሲመለስ

 

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎች በሆዳቸው ይዘውት በአፋቸው የማያወጡት ነው። ይኸውም ውፍረት ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ካደረጉ በኋላ ውፍረቱ ተመልሶ የመጣባቸው፣ ወይም ኦፕራሲዮኑ ራሱ ሌላ ሕመም ያስከተለባቸው ወገኖቻችን ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኚህ እኅታችን ቁመታቸው 5 ጫማ ከ4 ኢንች ሲሆን ከሰባት ዓመት በፊት 240 ፓውንድ ይመዝኑ ነበር። ስሊቭ የሚባለው ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ 165 ፓውንድ ደረሱ። የስኳር መድኃኒታቸውንም አቆሙ። ከዚያ በኋላ ግን ክብደቱ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ዛሬ 215 ደርሷል። ከዚህ የባሰባቸው ደግሞ ቃሩ ነው። ሌሊት አሲዱ ጉሮሯቸው ድረስ እየመጣ ስለሚያስቸግራቸው በሦስት ትራስ ተደግፈው ያድራሉ። ሐኪማቸው ወደ ባይፓስ እንዲቀየር ሐሳብ አቅርቦላቸዋል። ስለ መጀመሪያው ኦፕራሲዮን ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ዘመድ ወዳጅ እንዴት እንደቀጠኑ ሲጠይቃቸው በስፖርት ነው ይሉ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስፖርቱን ተውሽው ወይ የሚላቸውን ሰው ሽሽት ከሠርግም ከማኅበርም ቀርተዋል። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ? ሁለተኛውንስ ኦፕራሲዮን ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ መልሱንም ለሁሉም በሚሆን መንገድ እናቀርባለን።

ጥፋቱ የማን ነው?

በአገራችን ልማድ ውፍረት የጤናና የምቾት ምልክት ነበር። «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» ማለት እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር። እዚህ ስንመጣ ደግሞ ወፍራም ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ሆዳም ተደርጎ ይታያል። ኦፕራሲዮን አድርጎ እንደገና የወፈረ ሰውማ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱም አመለካከት ከሕክምናው ሳይንስ ጋር አይስማማም።

ሰውነታችን ክብደት ሲቀንስ ረሃብ የገባ ይመስለዋል። ስለዚህ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፤ የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖችን ይጨምራል፤ ጥጋብ የሚያሳውቁትን ይቀንሳል። ኦፕራሲዮኑ ይህን ትግል ያቀልለታል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ጥናት ነው። በጥናቱ 2,010 ኦፕራሲዮን ያደረጉ ሰዎችና ኦፕራሲዮን ያላደረጉ ተመሳሳዮቻቸው ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአማካይ ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀነሱ፤ በ10ኛው ዓመት ግን የቀረው ቅናሽ 25 በመቶ ነበር። ባንድ የተደረገላቸው 20 በመቶ ቀንሰው በ10ኛው ዓመት 14 በመቶ ላይ ተገኙ። ይህም ማለት የተወሰነ ክብደት ተመልሶ መምጣቱ የብዙዎች እጣ ነው። በዚያው ጥናት ኦፕራሲዮን ያደረጉት ሰዎች ካላደረጉት ይልቅ በሞት የሚቀነሱት ያነሱ ሆነው መገኘታቸውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥቂት ክብደት የተመለሰበት ሰው ሁሉ ኦፕራሲዮኑ ከሸፈበት ማለት አይደለም።

ሐኪሞች ኦፕራሲዮኑ አልተሳካም የሚሉት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከመጀመሪያውም በቂ ክብደት ሳይቀንስ ሲቀር ነው። ሁለተኛው ከቀነሰ በኋላ አብዛኛው ተመልሶ፣ የስኳሩና የደም ግፊቱ በሽታም አብሮ ሲመለስ ነው። ሦስተኛው ክብደቱ ምንም ሆነ ምን፣ ኦፕራሲዮኑ ራሱ እንደ ቃር፣ ማስታወክ፣ ቁስለት ወይም የምግብ እጥረት ያለ ችግር ሲያመጣ ነው። ደብዳቤውን የጻፉልን እኅታችን ከቀነሱት 75 ፓውንድ 50ው ተመልሶባቸዋል፤ ቃሩም አለ። ስለዚህ የእርሳቸው ጉዳይ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም የያዘ ነው።

ኦፕራሲዮኖቹ ምን ምን ናቸው? በምንስ ይበላሻሉ?

የዚህ ሕክምና ታሪክ ራሱ የእርማት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ሚኒሶታ የተጀመረው የመጀመሪያው ዘዴ ጨጓራውን ሳይነካ አብዛኛውን ቀጭን አንጀት ከምግብ መንገድ የሚያስወጣ ነበር። ሰዎቹ ቀጠኑ፤ ነገር ግን ጉበታቸው ተጎዳ፣ የኩላሊት ጠጠር ያዛቸው፣ በተቅማጥና በቪታሚን እጥረት ተሰቃዩ። ብዙዎቹ አንጀታቸው ወደ ቦታው እንዲመለስ እንደገና ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ዘዴውም ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ባይፓስን ጀመሩ። በዛሬው አሠራር የላይኛው የጨጓራ ክፍል እንደ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ይገናኛል፤ የቀረው ጨጓራ በሆድ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ምግብ አያልፍበትም። እኚሁ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ጨጓራን በብረት ስቴፕል ከፍሎ መውጫውን በማይለጠጥ ቀለበት የሚያጠብ ቀለል ያለ ዘዴ አመጡ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ይህ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የስቴፕሉ ስፌት ሲከፈት ወይም ቀለበቱ ሲጠብ ታየ። ሥጋና ዳቦ አልወርድ ያላቸው ሰዎች በአይስክሬምና በጣፋጭ መጠጥ እየኖሩ መልሰው ወፈሩ። ያኔ የተሠራላቸው አንዳንድ ሰዎች ዛሬ በስተርጅና ወደ ሐኪም እየተመለሱ ነው።

ባንድ የሚባለው በጨጓራ አናት ላይ እንደ መቀነት የሚታሰር፣ በፈሳሽ የሚጠብና የሚላላ የሲሊኮን ቀለበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቀደ። አንጀት ስለማይቆረጥበት ቀላል ነው ተባለና በ2011 በአገሪቱ ከተደረጉት የውፍረት ኦፕራሲዮኖች 35 በመቶ ያህሉ ባንድ ነበሩ። በ2019 ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ምክንያቱም ባንዱ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ሰውም በቂ ክብደት አይቀንስበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በሜዲኬር መድን ሥር ባንድ የተደረገላቸውን ወደ 25,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲመረምር ከ100ው 18 ያህሉ እንደገና ኦፕራሲዮን እንደተደረጉ፣ እነዚህም በአማካይ ወደ 4 የሚጠጋ ተጨማሪ ኦፕራሲዮን እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል።

ስሊቭ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ነው። ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጠባብና ረጅም ይሆናል። የተቆረጠው አይመለስም። ዋናው ችግሩ ቃር ነው። ጠባቡ ጨጓራ ውስጡ ስለሚጨናነቅ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በፊንላንድ 240 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ስሊቭ ግማሾቹ ባይፓስ ተደርጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የ10 ዓመት ውጤት፣ በኢንዶስኮፒ ከታዩት መካከል የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ የቆሰለባቸው ከስሊቮቹ 31 በመቶ፣ ከባይፓሶቹ 7 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል።

ባይፓስም ቢሆን ከችግር ነፃ አይደለም። ከረጢቱ ከአንጀት ጋር የተገናኘበት ቀዳዳ ሊሰፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ምግቡ ቶሎ ያልፍና ጥጋብ አይሰማም። በመገናኛው ላይ ቁስለት ሊወጣ ይችላል። አልፎ አልፎም ከረጢቱና የተተወው ጨጓራ መልሰው ቀዳዳ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ሐኪሞች በእንግሊዝኛው ሪቪዥን የሚሉት የእርማት ኦፕራሲዮን በዝቷል። በአሜሪካ በ2011 ከውፍረት ኦፕራሲዮኖች ሁሉ 6 በመቶ ነበር፤ በ2019 ወደ 17 በመቶ ከፍ ብሏል። ካርኒ ዊልሰን የተባለችው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ባይፓስ ስትደረግ በኢንተርኔት ለሕዝብ ታይቷል። በ2012 ደግሞ በላዩ ላይ ባንድ ማስደረጓን ራሷ ተናግራለች። ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሐኪም መሄድ የአንድ ሰው ጉድ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሁለተኛው በፊት ምን ይመርመር?

የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የትኛው ኦፕራሲዮን ይሻላል ከማለት በፊት የመጀመሪያው ለምን አልያዘም የሚለው መመለስ አለበት። ምክንያቱ በጨጓራው አሠራር ላይ ከሆነ ኦፕራሲዮን ያርመዋል። ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ግን ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ይሆናል፤ አደጋው ብቻ ይተርፋል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ዝርዝር ሪፖርት ካደረጋችሁበት ሆስፒታል አስወጡ። ቀዶ ሐኪሙ ምን ያህል ጨጓራ እንደተወ፣ አንጀቱን በምን ያህል ርዝመት እንዳገናኘ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። በአሜሪካ የሕክምና መዝገባችሁን ቅጂ ማግኘት በሕግ የተሰጣችሁ መብት ነው። ኦፕራሲዮኑ በሌላ አገር ተደርጎ ከሆነም ጽፋችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ጨጓራው ይታይ። ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ ጠጥቶ የሚነሣው ራጅ ቅርጹንና የፈሳሹን አካሄድ ያሳያል። ኢንዶስኮፒው ደግሞ ቁስለት፣ መስፋት፣ የተከፈተ ስፌት ወይም ወደ ደረት የወጣ ሄርኒያ መኖሩን ያሳያል። እነዚህን ሁለቱን ሳያይ ለኦፕራሲዮን ቀን የሚቆርጥላችሁን ሐኪም ለምን ብላችሁ ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ ደም ይመርመር። ደም ማነስ፣ አይረን፣ ቪታሚን ቢ12፣ ቪታሚን ዲ፣ ታይሮይድና ስኳር ይታዩ። ሰውነቱ የተጎዳ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መሞላት አለበት።

አራተኛ፣ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ይታዩ። ኢንሱሊን፣ እንደ ፕሬድኒሶን ያሉ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የጭንቀትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜ በሌላ ሊተኩ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ አኗኗር ይታይ። ብዙዎቻችን ማታ ፓርኪንግና ታክሲ፣ ሌሊት ሆስፒታልና የአረጋውያን ቤት እንሠራለን። እንቅልፍ ሳይጠገብ፣ ምግብ በመኪና ውስጥ እየተበላ፣ ለመንቃት በስኳር ሻይና በለስላሳ እየተኖረ ክብደት ቢመለስ ሊያስደንቅ አይገባም። ቤተሰብ በሐዘን ወይም በጭንቀት ላይ ከሆነም ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ይህን የምንለው ለመውቀስ ሳይሆን፣ ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ እንጂ መቀስ ስላልሆነ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ባንድ ያለው ሰው ችግር ካጋጠመው ባንዱ ይወጣል። ከዚያም ወደ ስሊቭ ወይም ወደ ባይፓስ ሊቀየር ይችላል። ባንዱ ተንሸራትቶ ወይም ግድግዳውን በልቶ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች መጀመሪያ አውጥተው ጨጓራው እንዲያገግም ሦስት ወር ያህል ይጠብቃሉ።

ስሊቭ ተደርጎላቸው በቃር ለሚሠቃዩ በጣም የሚታወቀው መፍትሔ ወደ ባይፓስ መቀየር ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፉልን እኅታችን የሐኪምዎ ሐሳብ መሠረት ያለው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ይህ ለውጥ በብዛት የሚረዳው ለቃሩ ነው፤ በክብደት በኩል የሚያመጣው ተጨማሪ ቅናሽ አብዛኛውን ጊዜ መጠነኛ ነው። 165 ፓውንድን እንደገና አያለሁ ብለው ብቻ ከገቡ ሊያዝኑ ይችላሉ፤ ትራሱን ትቼ ተኝቼ ላድር፣ የምግብ ቧንቧዬም ይዳን ብለው ከገቡ ግን ተስፋዎ ትክክለኛ ነው። ክብደት ብቻ ሲሆን አንጀትን አብዝቶ የሚያሳጥር ሌላ ዓይነት ኦፕራሲዮንም አለ። ክብደት በመቀነስ ይበረታል፤ በዚያው መጠን የፕሮቲንና የቪታሚን እጥረቱም ይበረታል። ስሊቩን መልሶ ማጥበብ ደግሞ ቃር ላለበት ሰው አይመከርም።

ባይፓስ ተደርጎላቸው መገናኛው የሰፋባቸው ሰዎች ሆዳቸው ሳይከፈት በኢንዶስኮፒ ከውስጥ ተሰፍቶ ሊጠብላቸው ይችላል። በከረጢቱና በተተወው ጨጓራ መካከል ቀዳዳ ከተገኘ ይዘጋል። ቁስለት ከሆነ በመድኃኒትና ማጨስ በማቆም ሊድን ይችላል።

ዛሬ ደግሞ ያለ ኦፕራሲዮን የሚረዱ መድኃኒቶች መጥተዋል። ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ቲርዜፓታይድ በ2023 ለውፍረት ሕክምና በአሜሪካ ተፈቅደዋል። በለንደን ኦፕራሲዮኑ በቂ ውጤት ባላመጣላቸው 70 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2023 በወጣ ጥናት፣ ሊራግሉታይድ የተባለውን ከዚያው ወገን የሆነ መርፌ የወሰዱት በ24 ሳምንት ከክብደታቸው 9 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፤ ባዶ መርፌ የተወጉት አንድ በመቶ እንኳ አልቀነሱም። መድኃኒቱ ሲቆም ክብደቱ በአብዛኛው ስለሚመለስ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መሆኑን፣ ዋጋውም ቀላል አለመሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የተበላሸ አሠራር በሌለበት ሁኔታ ግን ከመቀስ በፊት መድኃኒቱን መሞከር የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ለምን ይከብዳል?

በአሜሪካ እውቅና ባላቸው ማዕከሎች የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የሞት አደጋው ከ1,000 ሰው 1 አካባቢ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። አንድ ጊዜ የተነካ ሆድ ውስጡ በጠባሳ ይያያዛል፤ ጨጓራና ጉበት ይጣበቃሉ፤ የደም ሥሩም እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ስለዚህ ስፌቱ የማፍሰስ፣ የመድማትና የመመርቀዝ አጋጣሚው ከፍ ይላል፤ የሚቀነሰው ክብደትም በአማካይ ከመጀመሪያው ያንሳል።

ስለሆነም ሐኪማችሁን ሳታፍሩ የሚከተለውን ጠይቁ። በዓመት ስንት የእርማት ኦፕራሲዮን ይሠራሉ? በእኔ ላይ ያገኙት ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ኦፕራሲዮን ያንን ምክንያት እንዴት ያርመዋል? ከእርስዎ ሕመምተኞች ስንቶቹ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ? ባላደርገውስ ምን እሆናለሁ? ሆስፒታሉ ለዚህ ሥራ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እውቅና እንዳለውም ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የመድን ነገርም አለ። አንዳንድ ኢንሹራንሶች የውፍረት ኦፕራሲዮን በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ እንከፍላለን ይላሉ። ነገር ግን ጥያቄው ስለ ክብደት ሳይሆን ስለ ቆሰለ የምግብ ቧንቧ፣ ስለ ተንሸራተተ ባንድ ወይም ስለ ቁስለት ሲሆን ጉዳዩ በሌላ ዓይን ሊታይ ይችላል። የኢንዶስኮፒው ውጤት እዚህ ላይም ይጠቅማል። አንከፍልም ካሉ መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ይግባኝ በሉ።

በዋጋው ምክንያት ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ቱርክ መሄድን የሚያስቡ አሉ። ጥሩ ሐኪም በየአገሩ አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሜክሲኮ ቲኋና ከተማ የውፍረት ኦፕራሲዮን አድርገው በመጡ ሰዎች ላይ መድኃኒት የማይበግረው ተሕዋስ መገኘቱን አስጠንቅቋል። ስፌቱ ያፈሰሰ እንደሆነ የሚታወቀው በቀናት ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ እናንተ አውሮፕላን ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ለእርማት ኦፕራሲዮን ሲሆን ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

እኛን በተለይ የሚመለከቱ ነገሮች

ጨጓራ ያመኛል የማይል ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በአገራችን መስፋፋቱ ነው። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ በመድኃኒት ይጠፋል። ከባይፓስ በኋላ የተተወው ጨጓራ በተራ ኢንዶስኮፒ ስለማይደረስበት ከኦፕራሲዮኑ በፊት መመርመርና መታከም ብልህነት ነው።

ሲጋራና ሺሻ፣ እንዲሁም ለራስ ምታት እንደ ዋዛ የምንውጣቸው አድቪል፣ ሞትሪን፣ አሊቭና አስፒሪን በባይፓስ መገናኛ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ለልብ ተብሎ በሐኪም የታዘዘ አስፒሪን ካለ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ።

የጾም ነገርም አለ። ቪታሚን ቢ12 ከእንስሳ በሚገኝ ምግብ እንጂ በሽሮና በምስር ውስጥ አይገኝም። ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ደግሞ ያችኑ ያገኛትንም በደንብ አይወስዳትም። ጾሙ ረጅም ከሆነ ቢ12 በኪኒን ወይም በመርፌ የግድ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚያስፈልግ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላውና አኩሪ አተሩ ከእንጀራው በፊት ይበሉ። በረመዳን ለሚጾሙም ትንሽ ጨጓራ ባንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ስለማይቀበል የውኃ ጥማት አደጋ አለው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ ስላላቸው ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር መመካከር ይገባል።

ቡናና ሻይ አይረንን ይይዙታል። የአይረን ኪኒናችሁን ከቡናው አንድ ሁለት ሰዓት አርቃችሁ ዋጡ። አልኮል ከባይፓስ በኋላ ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ አንድ ብርሌ ጠጅ እንደ ሁለት ሦስት ሊሆን ይችላል፤ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉርሻውስ? «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እየተባለ የሚቀርብን ጉርሻ እምቢ ማለት ለእኛ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ቢያንስ በቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዲያውቁ የምንመክረው። የሚያውቅ ሰው አያስገድድም፤ እንዲያውም ሌላው ሲያስገድድ ይከላከላል። ከዚህም በላይ ድንገት ታምማችሁ ራሳችሁን ብትስቱ ለአምቡላንሱ ሐኪም ጨጓራዋ ተቆርጧል ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈልጋችኋል። ለዓለም ሁሉ ይነገር አንልም፤ በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አይገኝለትም።

ቶሎ ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

ኦፕራሲዮኑ የቆየም ቢሆን የሚከተሉት ሲታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም። ድንገት የመጣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ በተለይ ባይፓስ ላለው ሰው፣ አንጀት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ የቁስለት መድማት ምልክት ነው። ውኃ እንኳ አልወርድ ካለ መዘግየት የለበትም። ለቀናት ወይም ለሳምንታት የቆየ ማስታወክ ቪታሚን ቢ1ን ያሟጥጣል። ዓይን አንዱን ሁለት ሲያይ፣ እግር ሲንገዳገድ፣ አእምሮ ሲደናገር አንጎል እየተጎዳ ነው። ጉዳቱ በቶሎ ካልታከመ ቋሚ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ የጨጓራ ኦፕራሲዮን እንዳደረጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮ ቢ1 እንዲሰጣችሁም ጠይቁ።

ለማጠቃለል

ክብደት ተመለሰ ማለት ሰውዬው ወደቀ ማለት አይደለም። ውፍረት እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ዕድሜ ልክ የሚታከም ነገር ነው። የደም ግፊቱ መድኃኒት አልበቃ ሲል ሌላ ሲጨመርለት ያፈረ ሰው አላየንም። በዚህም ሊታፈር አይገባም። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ለአንዳንዱ ሰው እፎይታ ነው፤ ለሌላው አላስፈላጊ አደጋ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ እንጂ የሰው ወሬ ወይም ማስታወቂያ አይደለም። ከሐኪማችሁ ጋር ክትትል ካቋረጣችሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ ክብደቱ ቢመለስም ባይመለስም፣ በዚህ ሳምንት ስልክ አንሥታችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሪፖርታችሁን፣ የመድኃኒቶቻችሁን ዝርዝርና ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ስለሆነ የሐኪምን ምክር አይተካም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ተዉት፤ በዝምታ የሚሠቃይ ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል።